የቱሪንገን ከተሞችና የጎታው እንግዳ

ጎታ የሚባል ከተማ እንዳለ መጀመሪያ የነገረኝ ካርል ማርክስ ነው። አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን እኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ የሰፈራችን ታላላቆች የጎታውን ፕሮግራም ሂስ የያዘችውን ቀጭን መጽሐፍ በብብታቸው ሸጉጠው ይዞሩ ነበር። በውይይት ክበብ ላይ ተነሥቶ ጎታን ሳይጠቅስ የተቀመጠ ሰው እንዳልተናገረ ይቆጠራል። ጎታ ሰው ይሁን ድርጅት፣ ወንዝ ይሁን ተራራ ደፍሮ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ከዓመታት በኋላ የመንግሥት የትምህርት ዕድል አግኝቼ ምሥራቅ ጀርመን ስገባ፣ በባቡር መስኮት በኩል ስሙን ጣቢያ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ አየሁትና ብቻዬን ሳቅሁ። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ የተነሣበት ጎታ ጣቢያ አለው። ከጣቢያው ደጃፍ አንድ ሰውዬ ነጭ ሽርጥ አድርጎ በከሰል ላይ ቋሊማ ይጠብሳል።

ወደ ጨዋታው ከመግባቴ በፊት፣ እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ያን ጊዜ በመንግሥት ካርታ ላይ ቱሪንገን የሚባል ክፍለ ሀገር አልነበረም። ምሥራቅ ጀርመን በ1952 ክፍለ ሀገሮቹን አፍርሶ አውራጃ አድርጓቸው ስለነበር፣ አካባቢው ኤርፉርት፣ ጌራና ዙል ተብሎ ለሦስት ተከፍሎ ነበር። ሰዉ ግን ስሙን አልተወውም፤ «የቱሪንገን ሰው ነኝ» ይላል፣ ቋሊማውንም የቱሪንገን ቋሊማ ይለዋል፣ ለእሁድ ምሳ የሚቀርበውን የድንች ድብልብልም እንዲሁ። አገሩ ጠባብ ነው። ከአይዘናኽ ተነሥቶ በጎታ፣ በኤርፉርትና በቫይማር አልፎ የና ለመድረስ ዛሬ በባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። በዚህች አጭር መንገድ ላይ የተደረደረው ግንብ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቲያትር ቤትና ካቴድራል ብዛት መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ምክንያቱን የነገረኝ የታሪክ ተማሪ የነበረ ጀርመናዊ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነው። የዚህ አገር መሳፍንት ግዛታቸውን ለልጆቻቸው ሁሉ ያካፍሉ ነበር። የጎታው መስፍን ኤርነስት በ1675 ሲሞት ሰባት ወንዶች ልጆች ተወ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግዛቱ ልክ እንደ ወሎ ገበሬ ርስት ለሰባት ተቆራረሰ። መሬቷ ብታንስም ሁሉም ቤተ መንግሥት፣ የሙዚቃ ቡድንና መጽሐፍ ጠባቂ ሊኖረው ይገባል። ጀርመኖች በዚህ መከፋፈል ለዘመናት ቢሳለቁም፣ ለጎብኚ ግን የተረፈው ይኸው ውርስ ነው።

እኔ መጀመሪያ ላይፕሲግ ከሌሎች የአፍሪካና የእስያ ልጆች ጋር ጀርመንኛ ተማርኩ፤ ከዚያ ምሕንድስና ለመማር ቫይማር ተላክሁ። የዚያን ዘመን ክረምት የሚያስታውስ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ሽታውን ነው። ቤቱ ሁሉ የሚሞቀው በቡናማ የድንጋይ ከሰል ነበር፤ ከኅዳር ጀምሮ ቢጫማ ጢስ ከተማው ላይ ይተኛል፤ ማታ አፍንጫህን ስትጠርግ መሐረቡ ይጠቁራል። የትራባንትና የዋርትቡርግ መኪኖች የሚተፉት የዘይት ጢስ ሲጨመርበት ሽታው እስከ ዛሬ ከልብሴ የወጣ አይመስለኝም። ቡና ውድ ነበር። በ1977 የዓለም የቡና ዋጋ ሲንር ምሥራቅ ጀርመን ከእኛው መንግሥት ጋር ተዋውላ በቡናው ምትክ የጦር መሣሪያና ካሚዮን ልካለች። አገር ቤት ወታደርና እህል ሲያመላልስ የኖረው ኢፋ ካሚዮን የዚያ ዘመን ወዳጅነት ልጅ ነው። ቫይማር ካፌ ውስጥ ተቀምጬ አንድ ስኒ ቡና ባዘዝኩ ቁጥር ሐረርና ኢፋው ይታወሱኝ ነበር።

ከከተሞቹ ሁሉ ኤርፉርትን እወዳት ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያው ነው። መሐሏ ላይ በጌራ ወንዝ ላይ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ፣ የነጋዴዎች ድልድይ ይሉታል። በ1325 በድንጋይ የቆመ ነው። ግራና ቀኙን ሙሉ ቤት ተሠርቶበት ሰው ይኖርበታል። ድሮ ስድሳ ሁለት ጠባብ ቤቶች ነበሩ፤ እየተጣመሩ አሁን ሠላሳ ሁለት ሆነዋል። በላዩ ስትሄድ ድልድይ ላይ መሆንህን አታውቅም፤ ተራ መንደር ነው የሚመስልህ። ወርደህ ከወንዙ ዳር ስታይ ነው ቤቶቹ ሁሉ በቅስት ላይ መንጠልጠላቸው የሚገለጥልህ። ከዚያ ሰባ ደረጃ ወጥተህ የምታገኛቸው ሁለት አብያተ ክርስቲያናት፣ ካቴድራሉና ቅዱስ ሴቬሪ፣ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። በካቴድራሉ ማማ ላይ በ1497 የተሠራችው ግሎሪዮዛ የምትባለው ደወል ተሰቅላለች፤ ከአሥራ አንድ ቶን በላይ ትመዝናለች። ዘወትር አትደወልም፤ ለዓበይት በዓላት ብቻ ነው። አንድ የገና ዋዜማ ሰምቻታለሁ። ድምፅዋ በጆሮ ሳይሆን በእግር መረገጫ በኩል ነው የሚገባው፤ ከእኔ ጋር የነበረው የጎጃም ልጅ ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ።

ኤርፉርትን ያበለጸጋት ሰማያዊ ቀለም ነው። በዙሪያው ካለ መሬት የሚበቅል ቅጠል ፈጭተው፣ አቡክተውና አብላልተው የጨርቅ ማቅለሚያ ይሠሩበት ነበር። ያ ገንዘብ በ1392 ዩኒቨርሲቲ አቋቋመ። ማርቲን ሉተር የተማረው እዚያ ነው፤ በ1505 መነኩሴ የሆነውም እዚያው ከተማ ነው። ኋላ ከህንድ የመጣው ኢንዲጎ የቅጠሉን ገበያ ገደለው። በእኔ ጊዜ ድልድዩና ካቴድራሉ ደህና ቢሆኑም ከጀርባቸው ያለው አሮጌው ሰፈር እየፈረሰ ነበር። ግድግዳቸው በእንጨት አግዳሚ የተዋቀረ የጥንት ቤቶች ጣሪያቸው ተነድሎ፣ ዝናብ ገብቶባቸው፣ መስኮታቸው በጣውላ ተመትቶ ይታያሉ። መንግሥት አዲስ ሰፈር በተገጣጣሚ ሲሚንቶ ሲገነባ አሮጌው እንዲፈርስ ፈርዶበት ነበር፤ ሰፊ መንገድ ሊያወጡበትም አስበዋል። የምሕንድስና ተማሪ ነበርኩና ፕላኑን በአድናቆት ነው ያየሁት፤ ያን ጊዜ ዘመናዊነት ማለት ያ ነበር። ነዋሪው ግን አልወደደውም። የበርሊን ግንብ በፈረሰ በወሩ፣ ታኅሣሥ 1989፣ የኤርፉርት ሕዝብ እጅ ለእጅ ተያይዞ አሮጌውን ከተማ ከበበው። ቤቶቹ ዛሬ ተጠግነው በቀለም ያበራሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ከፒያሳ ጓሮዎች አንዱ በፈረሰ ቁጥር ያ ሰንሰለት ትዝ ይለኛል።

ቫይማር የኖርኩባት ከተማ ስለሆነች እንደ ጎብኚ ልናገርላት ይከብደኛል። ባለቅኔው ጎተ በ1775 መጥቶ እስኪሞት ድረስ እስከ 1832 ኖሮባታል፤ ሌላው ባለቅኔ ሺለርም እዚያው ነው የሞተው። የጎተ ቤት ውስጥ ጀርመኖች ቤተ መቅደስ እንደገቡ በሹክሹክታ ነው የሚነጋገሩት። መልኩ በሃያ ማርክ ኖት ላይም ነበር። ከጎተ ቤት ብዙ ሳይርቅ አውቶቡስ ትሳፈራለህ፤ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ከሄደ በኋላ ጫካው መሐል ያወርድሃል። ቡኽንቫልድ ነው። ከ1937 እስከ 1945 ሃምሳ ስድስት ሺህ ያህል ሰው የሞተበት የናዚ ካምፕ። በእኛ ዘመን አስጎብኚው ደጋግሞ የሚያነሣው እዚያ የተገደለውን የኮሚኒስት መሪ ኤርነስት ቴልማንንና የፓርቲውን የትግል ጀግኖች ነበር፤ አይሁዳውያኑ በስተኋላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቀሳሉ። ሶቪየቶች ያንኑ ካምፕ እስከ 1950 ድረስ እስረኛ ሲያጉሩበት መቆየታቸው፣ ከሰባት ሺህ በላይ ሰውም እዚያ መሞቱ ደግሞ ከናካቴው አይነሣም። ይህን ያወቅሁት አገሩ ከተዋሐደ በኋላ ነው። አሁን ሁለቱም ይነገራሉ። ሁለቱም መነገር ነበረባቸው።

ስለ አይዘናኽ ብዙ አልልም፤ በጀርመን መንገድ የሚመራ መጽሐፍ ሁሉ ይናገርላታል። ሙዚቀኛው ባኽ በ1685 የተወለደባት ናት። ከበላይዋ ባለው የዋርትቡርግ ግንብ ሉተር ከ1521 እስከ 1522 ተሸሽጎ ሐዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ መልሶታል፤ ሰይጣን ቢፈታተነው የቀለም ቀንዱን ወረወረበት ተብሎ ይተረታል። ቀለሙ የነካው ግድግዳ ይኸው ይሉሃል፤ ግን ጎብኚው ለበረከት እየፋቀ ስለወሰደው የቀረው ባዶ ልስን ነው። እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። በ1983 የሉተር አምስት መቶኛ የልደት ዓመት በመላው ምሥራቅ ጀርመን በታላቅ ድምቀት ተከበረ። የበዓሉን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት የመራው ደግሞ የአገሪቱ መሪ ኤሪክ ሆኔከር ራሱ ነው። የገበሬ አመፅን ተቃውሞ ከመሳፍንት ጎን የቆመው ሉተር፣ ለዓመታት በመማሪያ መጽሐፍ ሲወቀስ ከርሞ በአንድ ጊዜ የአገር ኩራት ሆነ። ሙልሃውዘን ብትሄድ ደግሞ ቅጥሯ እስከ ዛሬ ያልፈረሰው ያች ከተማ በሉተር ባላጋራ በቶማስ ሙንትሰር ስም ነበር የምትጠራው። ሙንትሰር በ1525 ገበሬዎችን አስነሥቶ አንገቱን የተቆረጠ ካህን ነው፤ የአምስት ማርክ ኖት ላይ ያለው ምስል የእሱ ነበር። ከዚያ በ1990 የምዕራቡ ማርክ መጣ፤ አምስት ማርኩም ቀረ፣ የከተማይቱ ስምም በዓመቱ ተመለሰ።

እንግዲህ ይህ ነው ነገሩ፦ በቱሪንገን ውስጥ እያንዳንዱ መንግሥት ከአሮጌው መደርደሪያ የሚበጀውን ሰው አውርዶ አቧራውን ያራግፋል፤ የማይበጀውን እዚያው ይተወዋል። ለማንም መንግሥት ያልበጀ አንድ ሰው ግን አለ። እሱ የእኛ ነው።

ጎታ የሄድነው በሽርሽር መልክ ነበር፤ የውጭ አገር ተማሪዎችን በአውቶቡስ ይዘውን። ዓላማው ቲቮሊ የሚባለውን ቤት ማሳየት ነው። በግንቦት 1875 የጀርመን ሠራተኞች ሁለት ፓርቲዎች ተዋሕደው ማርክስ የነቀፈውን ፕሮግራም ያጸደቁበት አዳራሽ ነው። ሙዚየም ሆኖ ወንበሮቹ በሥርዓት ተደርድረዋል። እኔና ሁለት የአገሬ ልጆች የውይይት ክበቡን አስታውሰን ተጠቃቀስን። ከዚያ ለምሳ ከመሄዳችን በፊት ኮረብታው ላይ ያለውን ፍሪደንሽታይን የሚባለውን ቤተ መንግሥት እንድናይ ጥቂት ሰዓት ተሰጠን።

ፍሪደንሽታይን ኮስታራ ነው። ከሩቅ ስታየው ጌጥ የሌለው ነጭ ሰፈር ይመስላል። መስፍን ኤርነስት፣ እኛ የፋሲልን ልጅ ዮሐንስን «ጻድቁ» እንዳልነው የአገሩ ሰው በመንፈሳዊነቱ የሰየመው ሰው፣ በ1643 የሠላሳው ዓመት ጦርነት ገና ሳያልቅ ነው ማሠራት የጀመረው። ትምህርት ለሕፃናት ሁሉ ግዴታ ይሁን ብሎ ደንብ ያወጣ መስፍን ነው፤ የጎታ ገበሬ ልጅ ከሌላው መኳንንት ልጅ የተሻለ ያነባል እየተባለ ይተረት ነበር። በበሩ ራስ ላይ ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው ሲሳሳሙ የሚያሳይ ቅርጽ አለ፤ ሰላምና ጽድቅ ናቸው፣ ከዳዊት መዝሙር የተወሰዱ።

መግቢያው ላይ ወለሉ እንዳይፋቅ ከጫማችን በላይ የምናጠልቀው ትልልቅ የጨርቅ ነጠላ ጫማ ታደለን። እየተንሸራተትን ከክፍል ክፍል ስንሄድ፣ የሙዚየሙ ጠባቂ የሆኑ ሽበታም ሴት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አዩንና፣ «ከየት ናችሁ?» አሉን። ከኢትዮጵያ መሆናችንን ስንነግራቸው ተነሡ። «ከእናንተ በፊት አንድ ያገራችሁ ካህን እዚህ ተቀምጠዋል፤ በድሮ ጊዜ፣ ለመስፍኑ እንግዳ ሆነው» አሉ። ስማቸውን እንደ ጀርመን አጠራር «ግሬጎሪዩስ» ብለው ጠሩት። ጓደኛዬ «የጳጳስ አሽከር ይሆናላ» ብሎ በአማርኛ ቀለደ። አስተባባሪያችን ሰዓቱን እያየ መጣ፤ ወረድን፤ ቋሊማ በላን። አውቶቡሱ ውስጥ ስለ ቲቮሊ ሪፖርት እንድናቀርብ ታዘዝን።

ሴትዮዋ ያላነሡልን ሌላ ነገር ነበር። በታኅሣሥ 1979 ሌቦች ያን ቤተ መንግሥት ሰብረው አምስት ጥንታዊ ሥዕሎች ሰርቀዋል። በምሥራቅ ጀርመን ከደረሰው የሥዕል ስርቆት ትልቁ ነው፤ ሥዕሎቹ የተመለሱት ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2019 ነው። እኛ ስንጎበኝ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሌላም ያልተነገረን ሰው ነበር፦ በሚያዝያ 1945 የከተማይቱ ጦር አዛዥ የነበረው ኦስትሪያዊው ሌተና ኮሎኔል ዮሴፍ ሪተር ፎን ጋዶላ፣ ጎታን ለአሜሪካኖች ያለ ውጊያ ለማስረከብ ነጭ ባንዲራ ይዞ ሲወጣ በገዛ ወገኖቹ ተይዞ በማግሥቱ ቫይማር ላይ ተረሸነ። ከተማዋ ከመውደም ተረፈች። ቤተ መንግሥቱና በውስጡ ያለው ቤተ መጻሕፍት የተረፉት በእሱ ሞት ነው ማለት ይቻላል። ፍርዱ የተሻረለት በ1997 ነው። መጻሕፍቱም ቢሆኑ ብዙ ሳይቆይ በሶቪየቶች ተጭነው ተወስደው ነበር፤ አብዛኞቹ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ተመልሰዋል።

ቫይማርን ለቅቄ፣ አገር ቤት ተመልሼ፣ ኋላም እንደ ብዙው ሰው ወደ ፍራንክፈርት አካባቢ ተሰድጄ ከኖርኩ በኋላ ነው ጎታ ለብቻዬ የተመለስኩት። በዚህ ጊዜ ቲቮሊ አልሄድኩም። በቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥቱ ምሥራቅ ክንፍ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወጣሁ። ቦርሳህን ሳጥን ውስጥ ትቆልፋለህ፤ ብዕር አይፈቀድም፣ እርሳስ ብቻ። መጽሐፉ ለስላሳ ትራስ ላይ ተንጋሎ ይቀርብልሃል። በጸጥታው ውስጥ የሚሰማው የገጽ መገልበጥ ብቻ ነው። ፊቴ የቀረበው በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የታተመው የአማርኛ ሰዋስው ነው፤ ማብራሪያው በላቲን፣ ምሳሌው በእኛ ፊደል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመ የአማርኛ ሰዋስው ይኸው ነው። ከጎኑ ያኔውኑ የወጣው የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላት ነበር። እንኳን እኔ፣ የፊደል ገበታ የቆጠረች አያቴም ብትሆን ቃላቱን ታነባቸው ነበር።

ደራሲው ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። በ1624 እዚያችው ኤርፉርት፣ የነጋዴዎች ድልድይ ከተማ ውስጥ ተወለደ። ቋንቋ የመማር ሱስ የነበረበት ሰው ነው፤ ግዕዝን ከመጽሐፍ ብቻ፣ ሲነገር ሳይሰማ ጀመረው። በ1649 ለሥራ ሮም ሲላክ፣ በቫቲካን ግቢ ባለው የሐበሾች ማደሪያ በቅዱስ እስጢፋኖስ ከሚኖሩት መነኮሳት ጋር ተገናኘ። ከመካከላቸው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ የአማራ መካነ ሥላሴ ሰው። መካነ ሥላሴ አፄ ናዖድ አስጀምረውት ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት፣ በ1531 በግራኝ ጦር የተቃጠለው ታላቅ ደብር ነው። አባ ጎርጎርዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ስለነበር፣ አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር ሲያስወጡ አብረው ተሰደዱ። ሁለቱ ሰዎች የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። በጣልያንኛ ሞከሩ፣ ለሁለቱም ጥቂት ነበር። ኋላ ጨዋታቸው በግዕዝ ሆነ። ግዕዝ ለአባ ጎርጎርዮስም ቢሆን የቅዳሴና የመጽሐፍ እንጂ የዕለት ንግግር ቋንቋቸው አይደለም። ስለዚህ ሁለቱም አንደበት ያልለመደውን ቋንቋ ቀስ በቀስ በአንደበታቸው አስነሡት።

ሉዶልፍ ኋላ የመስፍን ኤርነስት ባለሟል ሆነ፤ ስለ እኚህ ሊቅ ነገረው። መስፍኑ ላከባቸው። በ1652 በጋ ላይ አባ ጎርጎርዮስ ከሮም ተነሥተው፣ የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ጎታ ገቡ። ገና ግንባታው ያላለቀው ፍሪደንሽታይን ውስጥ እስከ መስከረም ተቀመጡ። መስፍኑና ሊቃውንቱ ስለ ኢትዮጵያ ነገሥታት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ፣ ስለ ሕጓ፣ ስለ ወንዞቿና ስለ እንስሶቿ ጠየቋቸው። ሉዶልፍም ከአጠገባቸው ሆኖ የአማርኛ ቃላት ይጽፋል፣ ግሥ ያረባል። በበሩ ላይ ያሉትን ሁለት ሴቶች አይተው እንደሆነ፣ ያ መዝሙር ዳዊት ለደገመ መነኩሴ ትርጓሜ አያሻውም። በዙሪያው ያለው አገር ደግሞ ጦርነቱ ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ ከሃይማኖት ጦርነት የተሰደደው ካህን ከሃይማኖት ጦርነት የወጣ አገር ውስጥ ነበር የተቀመጡት። አስተናጋጃቸው ሉተራዊ፣ እሳቸው ካቶሊክ ቢሆኑም መስፍኑ አላሳፈራቸውም፣ እሳቸውም አገራቸውን ሳያሳንሱ መለሱ።

ሉዶልፍና አባ ጎርጎርዮስ ከዚያ በኋላ በደብዳቤ ይገናኙ ነበር፣ በግዕዝ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሡ፤ መርከባቸው በሶርያ ጠረፍ እስክንድሮና አቅራቢያ ተሰበረችና ሰመጡ። መስፍኑ ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1663 የሉዶልፍን ደቀ መዝሙር ቫንስሌብን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። እሱም ከግብፅ አላለፈም። ጭራሽ ካቶሊክ ሆኖ ከመስፍኑ ተለየ። ሉዶልፍ ግን ሥራውን አልተወም። በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ፤ በ1681 ለአውሮፓ የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፈበትን ትልቁን መጽሐፍ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ማብራሪያውን አሳተመ። በማብራሪያው ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስ ምስል በመዳብ ተቀርጾ አለ። የአማርኛው ሰዋስው የወጣው መምህሩ ከሞቱ አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሉዶልፍ ያን ጊዜ ሰባ አራት ዓመቱ ነበር። በ1704 ፍራንክፈርት ላይ ሞተ። በዘመናችን ኢትዮጵያን ለማጥናት የሚነሣ ምሁር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠቅሰው ስሙን ነው።

ስሙን ነው፤ የመምህሩን ግን ስንቱ ያነሣል? ሉዶልፍ ራሱ መምህሩን አልካደም፤ ታሪኩን ከማን እንደሰማ በግልጽ ጽፏል፣ ምስላቸውንም አትሟል። የካዱት ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው። ምሥራቅ ጀርመን ሙንትሰርን ኖት ላይ አተመ፣ ሉተርን አነገሠ፣ ጋዶላን አልጠራም፤ የካቶሊክ መነኩሴ ከሐበሻ መጥቶ ለጀርመናዊ ሊቅ አማርኛ አስተማረ ማለት ለማንም አይበጅም ነበር። እኛስ? የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ከእምነታቸው የተነሣ አታነሣቸውም። የአብዮቱ ትውልድ ከጎታ የሚያውቀው የማርክስን ሂስ ነው። የትምህርት ቤት መጽሐፋችንም ቢሆን ስለ ፋሲል ሲያወሳ ኢየሱሳውያኑን አባርሮ ይዘጋል፤ አብረዋቸው የወጡት ኢትዮጵያውያን ወዴት እንደደረሱ አይነግርም። በእኔ ግምት ያ ዝምታ ትክክል አይደለም። ሰው በሃይማኖቱ ቢሳሳት እንኳ ቋንቋችን በመጀመሪያ ሰዋስው እንዲቀመጥ ያደረገ መምህር መሆኑ አይፋቅም፤ በስደት ሆኖ ስለ አገሩ በእውነት የመሰከረ ሰውም ስሙ በእኛ አፍ ሊጠራ ይገባል።

ቫይማርን፣ ኤርፉርትን፣ አይዘናኽን ማንም ይጎበኛል፤ የጉብኝት ድርጅቶቹ ያመላልሱሃል። በጀርመን የምትኖሩ ወገኖቼ ግን ጎታን አትዝለሉ። ከፍራንክፈርት በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከጣቢያው ወደ ኮረብታው በእግር ይደረሳል። ጀርመን የተወለዱትን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በበሩ ላይ ያሉትን ሁለት ሴቶች አሳዩአቸው፤ ከዚያ ማንንም ሙዚየም ጠባቂ ብታገኙ «አባ ጎርጎርዮስ የተቀመጡት የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በጠየቃችሁ ቁጥር ስማቸው ይጠራል።